ክኒን ወይስ መርፌ? ጥያቄው አዋሽ አርባ ሲደርስ

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ መጠኑ 5.8 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ የአዋሽን ሸለቆ ናጠው። በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ መሬቱ ከሳምንታት በፊት ጀምሮ ሲርድና ሲሰነጠቅ ሰንብቶ ነበር። ከአዋሽ ፈንታሌና ከዱለቻ ወረዳዎች በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወጣ። በገና ዋዜማ ደግሞ የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ከኔዘርላንድ የመጣ አንድ ጥናት አወጣ። የጥናቱ ጥያቄ አጭር ነው፤ በእርግዝና ጊዜ ስኳሯ ከፍ ያለ ሴት ክኒን ትዋጥ ወይስ ኢንሱሊን ትወጋ?

እነዚህን ሁለት ዜናዎች ያገናኘ ሰው አልነበረም፤ የሚያገናኝበትም ምክንያት አልነበረውም። እኔ ግን አንዷን ከሌላዋ መለየት አቅቶኛል። ያን ሌሊት በአፋር ክልል ካለችው ከአዋሽ አርባ ዙሪያ ልጆቿን አንጠልጥላ የወጣች የሰባት ወር ነፍሰ ጡር እናስብ። ኢንሱሊን የታዘዘላት ብትሆን ብልቃጡ የት ነበር? ፍሪጅ ውስጥ ከሆነ ፍሪጁን ጥላው ወጥታለች። ክኒን ቢሆን ግን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛው በሄደች።

ጥናቱ የተሠራው በኔዘርላንድ 25 ሆስፒታሎች፣ በ820 ነፍሰ ጡሮች ላይ ነው። ምግብ ማስተካከል ብቻ ያልበቃቸው ሴቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ለአንዱ ወገን ኢንሱሊን ተሰጠ። ለሌላው መጀመሪያ ሜትፎርሚን፣ እሱ ካልበቃ ግሊቤንክላሚድ ተጨምሮበት፣ ያም ካልሆነ ግሊቤንክላሚዱ በኢንሱሊን ተተካ። ከዕድሜው በላይ ገዝፎ የተወለደ ሕፃን በክኒኑ ወገን 23.9 በመቶ፣ በኢንሱሊኑ 19.9 በመቶ ሆነ። አጥኚዎቹ ሊያሳዩ የፈለጉት ክኒኑ ከመርፌው እንደማያንስ ነበር፤ አልተሳካላቸውም። ይህ «ክኒን መጥፎ ነው» ማለት አይደለም። «አያንስም» ብሎ ለመማል የሚያበቃ ማስረጃ አልተገኘም ማለት ነው። በዚያው ጥናት ክኒን ከጀመሩት ሴቶች 79 በመቶው ያለ ኢንሱሊን እስከ ወሊድ ደርሰዋል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

(በነገራችን ላይ የሆላንድ ስም በዚህ ወንዝ ላይ አዲስ አይደለም። የሀገራችንን የመጀመሪያ ዘመናዊ የስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ላይ ሥራ ያስጀመረው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ነው። መተሐራ ተከተለ፤ ዘግይቶ ደግሞ ከአዋሽ አርባ ብዙም በማይርቀው ከሰምና ከሰመራ በታች ባለው ተንዳሆ መንግሥት ፋብሪካዎች ተከለ። አዋሽ ሀገሩን ሲያጣፍጥ የኖረ ወንዝ ነው።)

የእርግዝና ስኳር ግን ሻይ ላይ ስኳር ከማብዛት ብቻ የሚመጣ አይደለም። በሽታውን የሚጠነስሰው እንግዴ ልጁ ነው። ለጽንሱ ምግብ እንዲተርፍ ሲል እንግዴ ልጁ የእናቲቱ ሰውነት ለኢንሱሊን እንዳይታዘዝ የሚያደርጉ ሆርሞኖችን ይለቃል። የአብዛኛዋ ሴት ቆሽት ይህን ጫና ምርቱን ጨምሮ ይቋቋመዋል። ያልቻለው ሲኖር ስኳሩ በደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ በእትብት ወደ ልጁ ያልፋል፤ ልጁም በራሱ ኢንሱሊን ያን ሁሉ ስኳር ወደ ሥጋና ስብ ይለውጠዋል። ምጥ ሲመጣ ትከሻው የማያልፍ ሕፃን፣ ከተወለደ በኋላም ስኳሩ በድንገት የሚወርድ ጨቅላ የሚመጣው ከዚህ ነው። ምርመራው በአብዛኛው ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ይደረጋል። እናቲቱ ባዶ ሆዷን 75 ግራም ግሉኮስ በውኃ ጠጥታ ለሁለት ሰዓት ትጠብቃለች።

ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው የሚል ካለ ጎንደርን ይጠይቅ። ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮች በዚሁ የ75 ግራም ምርመራ ሲታዩ 12.8 በመቶዎቹ የእርግዝና ስኳር ተገኝቶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የሰሜን ኢትዮጵያ የገጠር ጥናት 3.7 በመቶ ብሎ ነበር። በመካከሉ የመመርመሪያው መስፈርት ጠብቋል፤ አንዱ ጥናት ገጠር ሌላው ከተማ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ «በሃያ ዓመት በሦስት እጥፍ አደገ» ማለት አይቻልም። ቢያንስ ግን በእኛ እናቶች ዘንድ ብርቅ በሽታ እንዳልሆነ ይናገራሉ።

ወደ ክርክሩ እንግባ። ኢንሱሊን ለብዙ አስርት ዓመታት ብቸኛው መልስ ሆኖ የኖረበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ሞለኪዩሉ ትልቅ ስለሆነ እንግዴ ልጁን አያልፍም። እናቲቱን ያክማል፣ ልጁን አይነካም። እ.ኤ.አ. በ2000 ግን ከቴክሳስ፣ ከሳን አንቶኒዮ፣ አንድ ጥናት መጣና ነገሩን ሁሉ ናጠው። 404 ሴቶች ገሚሶቹ ግሊቤንክላሚድ ዋጡ፣ ገሚሶቹ ኢንሱሊን ተወጉ፤ የስኳር ቁጥጥራቸው ተመሳሳይ ሆነ። ከሁሉ የሚያስደስተው ደግሞ በእትብት ደም ውስጥ የመድኃኒቱ ርዝራዥ አልተገኘም መባሉ ነበር። ዓለም ተነፈሰ። በአሜሪካ ክኒኑ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ኢንሱሊንን ገፍቶ ቦታውን ያዘ።

ኋላ የተሻለ መለኪያ ሲመጣ መድኃኒቱ በእትብት ደም ውስጥ ተገኘ፤ ያውም ከእናቲቱ ደም 70 በመቶ ገደማ በሚሆን መጠን። ቀድሞ ያልታየው ስላልነበረ አልነበረም፤ መሣሪያው ስላላየው ነው። ግሊቤንክላሚድ ቆሽትን እየገረፈ ኢንሱሊን የሚያስመነጭ ክኒን ነው። ልጁ ጋ ከደረሰ የልጁንም ቆሽት ይገርፋል ማለት ነው፤ ልጁ ይወፍራል፣ ሲወለድም ስኳሩ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የጥናቶች ጥርቅም ይህንኑ አሳየ፤ ክኒኑ ከኢንሱሊንም ከሜትፎርሚንም ያነሰ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2018 ፈረንሳዮች ከ900 በላይ ሴቶችን ይዘው እንደገና ሞከሩት፤ የሕፃናቱ ችግር በክኒኑ ወገን 27.6፣ በኢንሱሊኑ 23.4 በመቶ ሆነ። የኔዘርላንዱ ውጤትም ከዚህ ታሪክ ጋር የተገመደ ነው፤ ሜትፎርሚን ያልበቃቸው ሴቶች የተጨመረላቸው ይኸው ክኒን ነውና። የእናቶቹ ስኳር ከልክ በላይ መውረድም በክኒኑ ወገን 20.9፣ በኢንሱሊኑ 10.9 በመቶ ነበር። ሜትፎርሚን ብቻውን እንዲህ ስኳር አያወርድም። በእኔ ንባብ የዚያ ጥናት ትምህርት «ክኒን ተሸነፈ» ሳይሆን «ግሊቤንክላሚድን ከእርግዝና አርቁ» ነው። ሀገራችን ውስጥ ይህን ክኒን የማያውቅ የስኳር ሕመምተኛ ጥቂት ስለሆነ፣ ርካሽና በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኝ ስለሆነ፣ ነገሩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ሜትፎርሚን ሌላ ፍጥረት ነው። ቆሽትን አይገርፍም፤ ጉበት ስኳር እንዳያፈስ ይከለክላል፣ ሰውነት ለራሱ ኢንሱሊን እንዲታዘዝ ያግዛል። ትልቁ ምስክሩ እ.ኤ.አ. በ2008 ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ የመጣው ጥናት ነው። ከ700 በላይ ሴቶች ታዩ። በሕፃናቱ ላይ የደረሰው ችግር በሜትፎርሚን ወገን 32.0፣ በኢንሱሊን ወገን 32.2 በመቶ ሆነ፤ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ሴቶቹ «ዳግመኛ ብታረግዢ የትኛውን ትመርጫለሽ?» ተብለው ሲጠየቁ ከሜትፎርሚን ወገን 76.6 በመቶው ያንኑ መረጡ፤ ከኢንሱሊን ወገን ኢንሱሊንን የደገሙት 27.2 በመቶ ብቻ ናቸው። መርፌ የትም ሀገር መርፌ ነው።

ታዲያ ነገሩ እዚህ ላይ ለምን አላለቀም? አንደኛ፣ በዚያ ጥናት ሜትፎርሚን ከጀመሩት 46.3 በመቶው ኋላ ኢንሱሊን ተጨምሮላቸዋል። ሁለተኛ፣ ሜትፎርሚን እንግዴ ልጁን እንደ ልቡ ያልፋል፤ በልጁ ደም ውስጥ የሚገኘው መጠን ከእናቲቱ እኩል ወይም በላይ ሊሆን ይችላል። የተወለዱትን ልጆች እስከ ዘጠኝ ዓመታቸው የተከታተሉት አጥኚዎች ኦክላንድ ላይ የሜትፎርሚኖቹ ልጆች ገዘፍ ብለው አገኟቸው፤ አደሌድ ላይ ልዩነት አላገኙም። በዚህ ምክንያት ዓለም ለሁለት ተከፍሏል። የእንግሊዝ መመሪያ ምግብና እንቅስቃሴ ካልበቃ ሜትፎርሚንን ያስቀድማል። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ኢንሱሊንን ያስቀድማል።

አሁን ጥያቄውን ይዘን ወደ አዋሽ አርባ እንውረድ። ከዚህ በስተምዕራብ አዳማ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በስተሰሜን ሰመራ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ። አንድ ነገር እዚህ በግልጽ ይታያል። ከላይ በጠቀስኳቸው ጥናቶች ውስጥ ክኒኑ የተወዳደረው ከኢንሱሊን ጋር ብቻ አልነበረም፤ ከፍሪጅ፣ ከማያልቅ የስኳር መለኪያ ስትሪፕ፣ በቅርብ ከምትከታተል ነርስ ጋር ነው። እነዚህ የተነሱበት ኢንሱሊን ጥናቱ ውስጥ ያለው ኢንሱሊን አይደለም። ስሙ አንድ ነው እንጂ ሌላ መድኃኒት ሆኗል።

ሙቀቱን እንውሰድ። ያልተከፈተ የኢንሱሊን ብልቃጥ የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው። ከተከፈተ በኋላ አራት ሳምንት ገደማ፣ ያውም ከ30 ዲግሪ ባልበለጠ ቦታ ይቆያል። ሰመራ በሞቃታማዎቹ ወራት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በሙቀት የተበላሸ ኢንሱሊን ብዙ ጊዜ መልኩ አይለወጥም። ሴቲቱ በሥርዓቱ ትወጋለች፣ ስኳሩ አይወርድም፤ ሐኪሙም መጠኑን ይጨምርላታል። ከዚያ አዲስ ያልተበላሸ ብልቃጥ ሲመጣ ያ የተጨመረው መጠን ይጥላታል። ጤና ጣቢያው ፍሪጅ አለው፤ ግን የክትባት ነው፣ ለክትባት ብቻ ይሁን የሚለው ደንብም በቂ ምክንያት አለው።

ተስፋ ሙሉ በሙሉ የለም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ በኬንያ ዳዳብ ዳጋሃሌ በተባለው የስደተኞች ካምፕ ያለውን ሙቀት መሠረት አድርጎ፣ ኢንሱሊን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ እየተለዋወጠ ለአራት ሳምንት ቢቆይ ኃይሉን እንደማያጣ አሳይቷል። በጎንደር ገጠር ገበሬዎች ኢንሱሊናቸውን በሸክላ ዕቃ ሲያስቀምጡ ኖረዋል። የሸክላው ምሥጢር ትነት ነው፤ ከሸክላው የሚያልበው ውኃ ሲተን ቅዝቃዜ ይተዋል። ትነት ደግሞ አየሩ በደረቀ ቁጥር ይበረታል፤ የአፋር ደረቅ አየር ለአንዴም ቢሆን ጥቅም የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። ውኃው ካለ ማለቴ ነው። ከ37 ዲግሪ በላይ ስላለው ግን ያ ጥናት ምንም አላለም።

ይህን ሁሉ ያየ ሰው «እንግዲያው ለአፋር ክኒን!» ብሎ ለመፍረድ ይቸኩላል። እኔም በመጀመሪያ እንዲሁ አስቤ ነበር። ሁለት ነገሮች ያዙኝ።

አንዱ ስትሪፑ ነው። ክኒን የዋጠች ሴት ስኳሯ መውረዱን የምታውቀው ለክታ ነው። የሚፈለገው (በሚሊግራም በዴሲሊትር) ባዶ ሆድ ከ95 በታች፣ ከምግብ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከ140 በታች ነው። በቀን አራት ጊዜ ብትለካ በ12 ሳምንት 336 ስትሪፕ ይፈጃል። በኔዘርላንድ ከአምስቷ አንዷ፣ በአውስትራሊያ ከሁለቷ አንዷ ኢንሱሊን እንደሚያስፈልጋት የታወቀው ክኒኑን እየዋጠች ስኳሯን ስለለካች ነው። ያልተለካው ክኒን ሐኪሙንም እናቲቱንም ያረጋጋል፤ በሆዷ ያለው ልጅ ግን መግዘፉን ይቀጥላል። ቀድሜ ያዙልኝ ያልኩት 79 በመቶ ትርጉም የሚኖረው ቀሪዎቹን 21 ለይተን ማውጣት ከቻልን ብቻ ነው። ለዚህ በቀን አራቴ መለካት የግድ ላይሆን ይችላል፤ በሳምንት ሁለት ቀን ጠዋትና ከእራት በኋላ፣ በጤና ኬላ ባለች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ እጅ ቢሆን እንኳ ከምንም ይሻላል። ከምንም የሚሻለውን ከጥናቱ ጋር እኩል ነው ማለት ግን አይቻልም።

ሌላው ነገር፣ ብዙ ያልተነገረለት፣ ቅጥነት ነው። እነዚያ ጥናቶች ሁሉ የሚፈሩት ግዙፍ ሕፃን ነው፤ ክብደት የበዛባቸው ሴቶች ያሉበት ሀገር ጥናት ነውና። ከአየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የሜትፎርሚን ጥናት ሕፃናቱ በአማካይ በ113 ግራም ቀለው መወለዳቸውን እንደ መልካም ዜና ቆጥሮታል። በድርቅ ዓመት ከብቶቿ አልቀውባት ራሷ የቀጠነች እናት 113 ግራም እንደ ትርፍ አትቆጥረውም። የአሜሪካው የስኳር ሕመም ማኅበር ራሱ የጽንሱ ዕድገት ሊቀጭጭ ይችላል ተብሎ በሚሰጋበት ጊዜ ሜትፎርሚን እንዳይሰጥ ይመክራል፤ ደም ግፊት ያለባትንም እንደዚሁ። ይህ ማስጠንቀቂያ ለደብሊን በግርጌ የሚጻፍ ሊሆን ይችላል። አፋር ውስጥ ግን በመጀመሪያው መስመር መጻፍ አለበት፤ ክኒኑ ከመሰጠቱ በፊት የክንድ ዙሪያዋ ይለካ፣ የማሕፀኗ ቁመት ይያዝ፣ ደም ግፊቷ ይታይ። ለእነዚህ ሦስቱ ፍሪጅም መብራትም አያስፈልግም።

በዚያ ላይ ቀጭን ሆና ስኳሯ ከፍ ያለች ሴት የእርግዝና ስኳር ላይሆን ይችላል ያለባት። በጎንደር ለዓመታት የሠሩ ሐኪሞች በምግብ እጥረት ያደጉ፣ የቀጠኑ፣ ኢንሱሊን የሚሹ ወጣት ሕመምተኞችን ደጋግመው ጽፈዋል፤ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ2025 «ዓይነት 5» ብሎ እውቅና ሰጥቶታል። እንዲህ ያለችው ሴት በክኒን ብቻ ሦስት ወር ብትቆይ ምን እንደሚሆን ከኔዘርላንድ ሠንጠረዥ መልስ አይገኝም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ስኳሯ ከፍ ብሎ የተገኘን፣ ወይም ባዶ ሆዷን 126 እና ከዚያ በላይ የሆነችን፣ በጤና ጣቢያ ክኒን አስይዞ ማሰናበት አይገባም፤ ሸክላም ይሁን ፍሪጅ ተፈልጎ ኢንሱሊን ይጀመርላት።

ረመዳንን ሳላነሳ ባልፍ አፋርን አላውቅም ማለት ነው። እስልምና ነፍሰ ጡርን ከጾም ነጻ አድርጓታል፤ ብዙ ሴቶች ግን ከቤተሰቡ ተለይቶ መብላቱ፣ ኋላም ብቻቸውን ቀዳ (ያለፈውን ጾም) ማውጣቱ ስለሚከብዳቸው ይጾማሉ። በዚህ ወር ልዩነቱ ይገንናል። ጠዋት ኢንሱሊን የተወጋች ወይም ግሊቤንክላሚድ የዋጠች ሴት በአስር ሰዓት ፀሐይ ስኳሯ ወርዶ ራሷን ልትስት ትችላለች፤ ሜትፎርሚን ብቻ የምትወስደዋ ግን ይህ ስጋት በእጅጉ ያንስላታል። ሐኪሙ «አትጹሚ» ብሎ ማለፉ ቀላል ነው። ሼሁ ያሉበት ምክር ግን የተሻለ ይሰማል። የምትጾም ከሆነም መጠንና ሰዓት ከወሩ በፊት ካልተነጋገሩበት ምክሩ ጆሮ ላይ ይቀራል።

ስለ መርፌው ያለው ፍርሃትም እንደ ዋዛ አይታይ። በሀገራችን ኢንሱሊን የመጨረሻው ደረጃ ነው፣ አንዴ ከተጀመረ አይቆምም የሚል እምነት ሥር ሰዷል። ለእርግዝና ስኳር ይህ ፈጽሞ ስህተት ነው። በሽታውን ያመጣው እንግዴ ልጁ ሲወጣ የብዙዎቹ ስኳር በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል፤ መርፌውም ክኒኑም በዚያው ዕለት ይቆማል። ይህን አስቀድሞ የነገራት ነርስ ካለች፣ መርፌ ከመጀመሯ በፊት ከጤና ጣቢያ የምትጠፋ ሴት ቁጥር ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ውሳኔዬን ልንገር። በዚህ ሸለቆ ሜትፎርሚን በጤና ጣቢያ ደረጃ መጀመሪያ ይሰጥ፤ ላልቀጠነች፣ ደም ግፊት ለሌላት፣ በሁለተኛው የእርግዝና አጋማሽ ስኳሯ መጠነኛ ከፍታ ላሳየች። ግሊቤንክላሚድ ለነፍሰ ጡር ከመደርደሪያው ይነሳ። ኢንሱሊን ደግሞ «ለአፋር አይሆንም» ተብሎ አይተው፤ ክኒን ያልበቃቸው የት እንደሚያገኙት በስም የተጻፈ ቦታ ይኑር፦ ዱብቲ ሆስፒታል፣ ሚሌ ያለው የባርባራ ሜይ የእናቶች ሆስፒታል፣ ለአዋሽ አርባዋ ደግሞ አዳማ። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ሰመራ ላይ ቅርንጫፍ አለው። ከዚያ የሚወጣ ጭነት ላይ ኢንሱሊን ተጭኖ ስትሪፕ የሚቀርበት ጊዜ ካለ፣ ለእኔ ግማሽ መድኃኒት ተጫነ ማለት ነው።

ይህን ስጽፍ ሌላ ቁጥር ያሳስበኛል። የ2016 (እ.ኤ.አ.) የሕዝብና ጤና ጥናት በአፋር በጤና ተቋም የወለዱ እናቶችን 15 በመቶ ያህል ብሎ ነበር፤ የ2019ኙ ወደ 28 በመቶ አድርሶታል። በእጥፍ ገደማ ማደጉ ቀላል ነገር አይደለም። ያም ሆኖ ከአሥር ሰባቷ ቤቷ ነው የወለደችው፤ እሷ ዘንድ ክኒንም መርፌም አልደረሰም፣ ስኳሯም አልተለካም። የክኒንና የመርፌ ክርክር የሚመለከተው የመጡትን ሦስቱን ነው።

ከመጡትም ውስጥ የወለደችው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ተመልሳ ያንኑ 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥታ መመርመር አለባት፤ ስኳሩ ከእንግዴ ልጁ ጋር ሄዶ እንደሆነ ወይም ቆይቶ እንደሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው። በዚያ ጊዜ ሴቲቱ ከመንደሯ ግመሎች ጋር ከወንዙ ማዶ ልትሆን ትችላለች። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው በዳጉ ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ግጦሹን፣ ውኃውን፣ ሰላሙን፣ የታመመውን፣ የወለደችውን ይጠያየቃሉ። በቀጠሮዋ ቀን ያልመጣችውን እናት ፈልጉልኝ የምትል ነርስ ካርዱን አጥፋ ከማስቀመጥ ይልቅ፣ የሴቲቱን ስምና የጎሳዋን ስም ይዛ፣ ወደ አዋሽ ድልድይ ለሚወርድ አንድ እረኛ ብትነግር ወሬው ከስልኩ ቀድሞ ይደርሳል።